የቡና አገር ጨዋታና የስፖርት ጽሑፋችን

ስለ ድርሰት ሂስ በተነሣ ቁጥር ቀድመው ወደ አሳባችን የሚመጡት ልብ ወለድ፣ ግጥምና ተውኔት ናቸው። በየሳምንቱ ብዙ ሕዝብ የሚያነበውና የሚያደምጠው የስፖርት ጽሑፍ ግን ወደ ሂስ ሚዛን ሲቀርብ እምብዛም አይታይም፤ ወሬ እንጂ ድርሰት አይደለም ተብሎ ይታለፋልና። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። መጽሐፍ ገዝቶ የማያነብ ወጣት የኳስ ዜና ግን ፈልጎ ያነባል። እንግዲያውስ አማርኛ የሚለምደው፣ አገሩን የሚያውቀው፣ ስለ ጎረቤቱም የሚፈርደው በከፊል ከዚህ ጽሑፍ በሚያገኘው ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚቀርብበት ማእድ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባዋል።

ስለዚህ የስፖርት ጽሑፋችንን በአንድ አካባቢ መዝነን ለማየት አስበናል። አካባቢውም ከቦንጋ አንሥቶ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አድርጎ እስከ ማጂ የሚወርደው የደቡብ ምዕራብ አገር ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የዚህ ምድር ፍሬ የሆነው ቡና ስሙን ለብዙ የኳስ ቡድኖች አውሶ በየሜዳው የሚጠራ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አገሩ ብዙ ሥዕል የተነሣለትና ጥቂት ብቻ የታወቀ የራሱ ጥንታዊ ግጥሚያ ያለው በመሆኑ ነው። በሁለቱም ጨዋታዎች የጽሑፋችን ጉድለት አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝተነዋል፤ ምን እንደ ሆነም በየተራው እናስረዳለን።

አስቀድመን ግን ስፖርትና ድርሰት በአገራችን ከጥንት የተራራቁ እንዳልነበሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ ነው። ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት በጅማ፣ ማለት በቡናው አገር በር ላይ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢም በጀርመን አገር የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። የባለቅኔው ልጅ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫወቱ፤ በኋላም አሠልጣኝና የስፖርት አስተዳዳሪ ሆኑ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የተባበረችው የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን ያሠለጠኑት እርሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ይህን የምንጠቅሰው ሰውየውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ኮንፌዴሬሽኑ በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር አራተኛዋ መሥራች ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ነጭና ጥቁር በአንድነት የሚሰለፍበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ግን ከመጀመሪያው ውድድር ውጭ ሆነች። ይድነቃቸውም የዘር ልዩነት አገዛዝ ከዓለም የእግር ኳስ ማኅበር እንዲወጣ ከታገሉት አፍሪካውያን ግንባር ቀደሙ ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ሰው ኳስ መረብ ውስጥ ሲገባ የሚያበቃ ነገር አልነበረም፤ ሕግም፣ ታሪክም፣ የሰው ክብርም ነበረ። የስፖርት ጽሑፋችንን የምንመዝነው በዚህ መለኪያ ነው።

አሁን ወደ ቡድኖቹ እንሂድ። በአዲስ አበባ በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተውና በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያገኘው ቡድን ኢትዮጵያ ቡና ይባላል። ከሲዳማ ምድር ሲዳማ ቡና አለ። ከጅማ በ2009 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተው ጅማ አባ ቡና አለ። ከዚያ በታች ባለው በከፍተኛ ሊግ ደግሞ ካፋ ቡናንና ቤንች ማጂ ቡናን አይተናል። አንድ ተክል ለአምስት ቡድኖች ስም ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ቃሉ አንድ ቢሆንም ትርጉሙ በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። የአዲስ አበባው ቡድን ቀድሞ ቡና ገበያ ይባል እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ በዚያ ማልያ ላይ ያለው ቡና በጆንያ ታስሮ በሚዛን የሚመዘነው፣ ወደ ውጭ አገር የሚላከው የነጋዴው ቡና መሆኑ ይገባናል። በሚዛን ተፈሪ ሜዳ የሚጠራው ቡና ግን ዛፉ ነው፤ ጥላው ነው፤ ለቀማው ነው፤ እሸቱን በቅርጫት ተሸክሞ ወደ ሰብሳቢው መሄድ ነው። በቤንችና በሸኮ ቤት ደግሞ ፍሬው ለገበያ ሲሄድ ቅጠሉ ከቅመማ ቅመም ጋር ተፈልቶ ጨሞ ተብሎ ይጠጣል። ስለዚህ ሁለት ቡድኖች በአንድ ስም ሲሰለፉ አንዱ ገበያውን፣ ሌላው ምድሩን ለብሶ ይገባል። አንድ ሂስ አዋቂ እንዲህ ያለውን የቃል ልዩነት በግጥም ውስጥ ቢያገኘው ገጽ ሙሉ በጻፈበት ነበር። በስፖርት ዓምዳችን ግን ይህ ሁሉ «ቡናማዎቹ» በምትል አንዲት ቅጽል ተጠቅልሎ ያልፋል።

የከፍተኛ ሊግ ውድድር ሲዘገብ የምናገኘው ንባብ ከሞላ ጎደል በአንድ ቅርጽ የተቀረጸ ነው። ባለ ሜዳው «ድል ይቀናዋል»፤ እንግዳው «ባዶ እጁን ይመለሳል»፤ አለዚያም ሁለቱ «ነጥብ ይጋራሉ»። ጎል ያስቆጠረው ሰው ከነደቂቃው ይጠቀሳል፤ ቀጥሎም የሚመጣው ሳምንት ተጋጣሚ ይነገርና ጽሑፉ ያበቃል። ቃላቱ በራሳቸው ነውር የለባቸውም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ጥሩ አማርኛ ናቸው። ጉድለቱን ለማየት የሚፈልግ አንባቢ አንድ ነገር ቢያደርግ ይበቃዋል፤ ይኸውም የቡድኖቹን ስም በጣቱ ሸፍኖ ዘገባውን ማንበብ ነው። ጨዋታው የተደረገው በሚዛን ተፈሪ ይሁን በደብረ ብርሃን፣ በጥቅምት ይሁን በግንቦት፣ በጭቃ ላይ ይሁን በደረቅ ሣር፣ ከጽሑፉ ለይቶ ማወቅ ካልቻለ ያ ጽሑፍ ጨዋታውን አልጻፈውም፤ ውጤቱን ብቻ ነው የመዘገበው።

ከዚህ የተነሣ ፍርድም ይሳሳታል። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ በአገራችን እጅግ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዝናቡም በሌላው አገር ካለቀ በኋላ እዚያ ይቀጥላል። ውኃ በቋጠረ ሜዳ ላይ ኳስ እንደ ልብ አይንከባለልም፤ አጭር ቅብብል ይሰናከላል፤ ረጅም የሚመታ ቡድን ይጠቀማል፤ በረኛውም ኳሱን ከመያዝ ይልቅ በቡጢ መመለስ ይመርጣል። እንዲህ ባለ ቀን 0 ለ 0 የተለያዩትን ቡድኖች «አጥቂዎቻቸው ተዳክመው ታዩ» ብሎ መጻፍ፣ ጭቃውን ሳያዩ ሰውን መውቀስ ነው። ገበሬ እንኳ ምርቱ ሲያንስበት አስቀድሞ ሰማዩን ይመረምራል።

የወራቱ ነገርም እንዲሁ ነው። የቡና ለቀማው ዋና ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይደርሳል፤ ይህም የኳስ ውድድር ከሚከፈትበት ወራት ጋር ይገጥማል። በእነዚህ ወራት ቤተሰቡ ሁሉ ጫካና ማሳ ነው የሚውለው፤ ተማሪው ሳይቀር ትምህርቱን አቋርጦ ለለቀማ ይሰለፋል። ከሚዛን ተፈሪ የማይርቀው በበቃ፣ ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ የቡና እርሻ ስለ ሆነ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ለቃሚ ይሰበስባል። የእሸት ቡና ዋጋ ከፍ ሲል ገንዘብ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ጫማ ይገዛል፤ ዕዳ ይከፈላል፤ ሜዳውም በተመልካች ይሞላል። ዋጋው ሲወድቅ ደግሞ ቡናው ጀንፈል ሆኖ በጎተራ ይቆያል፤ የልጁ ማልያም ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። የአንድ አካባቢ ቡድን ጥንካሬና ድካም ከዚህ ኑሮ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። አንድ ቡድን በወራቱ መጀመሪያ ለምን እንደ ዛለ፣ በመጨረሻ ለምን እንደ ጠነከረ የሚጠይቅ ጸሐፊ መልሱን ከአሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን ከቡና ሰብሳቢውም ሊያገኝ ይችል ነበር።

የተጫዋቹም ማንነት አንድ ምዕራፍ ነው። በዚህ አገር ቤንች፣ ሸኮ፣ ሜኤን፣ ካፊቾ፣ ሸኪቾና መዠንግር በጎረቤትነት ይኖራሉ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌላም አካባቢ በሰፈራ የመጣው ሕዝብ ልጆች ወልዶ አሳድጓል፤ በንግድና በመንግሥት ሥራ የመጣውም ብዙ ነው። የእነዚህ ሁሉ ልጆች በአንድ ሜዳ ሲገናኙ ኳሱን የሚጠሩት በአማርኛ፣ የሚቀልዱት በየእናታቸው ቋንቋ ነው። ቤንችኛ የአንድን ቃል ትርጉም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚለይ ረቂቅ ቋንቋ ነው። የስፖርት ዘጋቢ ግን የተጫዋቹን ስም እንዴት እንደሚጠራ ሳይጠይቅ እንደ መሰለው ሲጽፈው፣ ያው ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ በሦስት ስም ሲጠራ ይታያል። ስምን በትክክል መጻፍ የድርሰት ጥበብ ሳይሆን የጨዋነት መጀመሪያ ነው። የአውሮፓን ተጫዋች ስም እንዳንሳሳት የምንጠነቀቀውን ያህል ለአገራችን ልጅ ስም ብንጠነቀቅ ምን ይጎድልብናል?

ልብ ወለድና የታሪክ መጽሐፍ ይህን አገር ፈጽመው አልረሱትም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1929 ዓ.ም. ከልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ወደ ጎጀብ ወርደው የተማረኩበትን ዘመን «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው አቆይተውልናል። በኢሉባቦር የተወለደው በዓሉ ግርማም «ሐዲስ» የተባለውን ልብ ወለዱን በዚያው በተወለደበት ምድር ላይ ተክሎታል። እንግዲህ የቡናው አገር በብዕር ሊገለጽ የሚችል መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የቀረው የስፖርት ጸሐፊው ነው።

የስፖርት ቃልም ቢሆን ሁልጊዜ እንዲህ ደርቆ አልኖረም። ቴሌቪዥን ባልተስፋፋበት ዘመን እንደ ደምሴ ዳምጤ ያሉት የሬዲዮ ስፖርት ጋዜጠኞች ሜዳውን በቃል መሥራት ነበረባቸው፤ አድማጩ የሚያየው እነርሱ የነገሩትን ብቻ ነውና። ኳሱ በየትኛው መስመር እንደ ሄደ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደ ተነሣ፣ ፀሐዩ በማን ዐይን ላይ እንደ ወደቀ ካልተነገረው አድማጩ በጨለማ ይቀራል። ካሜራው ሲመጣ ይህ ግዴታ የተነሣ መሰለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምሩ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ይካሄድ ጀመር፤ ከእነዚያም አንዷ ጅማ ነበረች። ይህ ራሱን የቻለ እድገት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ካሜራው ጅማ ሲደርስ ቆሞ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛንና ወደ ቴፒ አላለፈም። ካሜራ ባልደረሰበት ቦታ ብዕር ሊደርስ ሲገባው፣ ብዕሩም ከካሜራው ጋር ተከትሎ ሄደ።

ውጤቱን በየከተማው በሚገኙት የኳስ ማሳያ ቤቶች እናየዋለን። ቅዳሜና እሑድ ወጣቱ ከፍሎ ገብቶ የእንግሊዝን ቡድኖች ይመለከታል። ይህን ክፉ ነው አንልም፤ ጥሩ ጨዋታ ማየት ጥሩ ነገር ነው። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ወጣቱ የሚወደው የተጫዋቹን እግር ብቻ አለመሆኑን ነው። የት ሰፈር እንደ ተወለደ፣ እናቱ ምን ሠርታ እንዳሳደገችው፣ ከየትኛው ጉዳት ተነሥቶ እንደ ተመለሰ ሁሉ ያውቃል፤ የጻፈለት ሰው አለና። የራሱ ከተማ በረኛ ግን ጠዋት የት እንደሚሠራ አያውቅም። ሰው የሚወደው የተነገረለትን ነው። ያልተነገረለት ነገር በደጁ ቢያልፍም እንግዳ ሆኖበት ያልፋል።

ከእግር ኳሱ ወጥተን ወደ ሁለተኛው ጨዋታ እንሻገር። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ተጉዞ ማጂን ላለፈ ሰው፣ በደቡብ ሱዳን ወሰን አቅራቢያ ሌላው ሕዝብ ሱርማ የሚለው፣ ራሱን ግን ሱሪ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ይገኛል። የሱሪ ወጣቶች በረጅምና በጠንካራ በትር ይጋጠማሉ። ግጥሚያው በሰፊው ዶንጋ በሚል ስም ታውቋል፤ ዶንጋ ግን የበትሩ ስም ነው፤ ግጥሚያውን ሱሪዎቹ ሳጊኔ ይሉታል። የጨዋታውን ስም ትተን በመሣሪያው ስም መጥራታችን ብቻ የጽሑፋችንን ነገር ያሳያል፤ እግር ኳስን «ጫማ» ብለን እንደ መጥራት ነውና።

የውጭ አገር ጎብኚዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ስለዚህ ግጥሚያ ብዙ አሳይተዋል። በብዙዎቹ ሥዕሎች የምናየው ቀለም የተቀባ ገላ፣ በአየር ላይ የተነሣ በትርና የደም ነጠብጣብ ነው። ከሥዕሉ ሥር ወጣቱ ማን እንደ ሆነ፣ ከማን መንደር እንደ መጣ፣ ከማን ጋር ለምን እንደ ተጋጠመ የሚነግር ጽሑፍ ማግኘት ጭንቅ ነው። የአገር ውስጥ ጽሑፍም አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ሥዕል ተቀብሎ፣ «አስደናቂ ባህል» የሚል ርእስ ጨምሮ ያትመዋል። ሥዕሉ ተጨባጭ ነው፤ ነገር ግን ደንብ የለበትም። ደንብ የሌለበት የጨዋታ ሥዕል ደግሞ ጨዋታውን ጭካኔ አስመስሎ ያሳያል።

ደንቡ ግን አለ። ሆላንዳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዮን አቢንክ በሱሪዎች መካከል ቆይቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ግጥሚያው ያላገቡ ወጣቶች ከሌላ መንደር አቻዎቻቸው ጋር የሚያደርጉት ነው። ዳኞች አሉት፤ ተጋጣሚን መግደል ክልክል ነው፤ ይህ ቢደርስ የገዳዩ ወገን ለሟች ቤተሰብ ካሣ የመስጠት ግዴታ አለበት። ወጣቱ በግጥሚያው ድፍረቱንና ትዕግሥቱን ለመንደሩ ያሳያል፤ በልጃገረዶቹም ዘንድ ይታያል። ጥቃትን ከልክ ሳያልፍ በዳኛ ሥር ማዋል ማለት ይህ ነው። የቦክስ ጨዋታም ከዚህ ሌላ ትርጉም የለውም፤ እርሱን ግን የስፖርት ገጽ ላይ እናነበዋለን፤ ሳጊኔን ደግሞ በጎብኚዎች መምሪያ ውስጥ።

ይህን ስንል ግጥሚያው የሚያደርሰውን ጉዳት አቅልለን አይደለም። አጥንት ይሰበራል፤ ሕይወትም የጠፋበት ጊዜ አለ፤ አስተዳዳሪዎች ሊከለክሉት ወይም ሊያለዝቡት ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ሊከለክልም ሆነ ሊያሻሽል የሚፈልግ ሹም አስቀድሞ ዳኞቹን፣ የካሣውን ሥርዓትና ግጥሚያው የሚደረግበትን ወራት ማወቅ ይኖርበታል። በተለይም ከሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ጋር ክላሽንኮቭ ወደዚያ አገር ከገባ ወዲህ፣ በበትር ዳኛ ፊት ሊያልቅ የሚችለው ጠብ ወደ ጠመንጃ የሚሻገርበት መንገድ ተከፍቷል። እንግዲህ የድሮው ደንብ በትክክል መጻፉ ለሥነ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ለጸጥታም የሚጠቅም ነገር ነው። የዳኛውን ሥልጣን የማያውቅ መንግሥታዊ ትእዛዝ ዳኛውን ያዳክማል እንጂ ጠመንጃውን አያስጥልም።

አሁን ሁለቱን ጨዋታዎች ጎን ለጎን እናኑራቸው። በእግር ኳሱ ውጤት ተጽፎልናል፤ ኑሮው ቀርቷል። በሳጊኔው ሥዕል ቀርቦልናል፤ ደንቡ ቀርቷል። በሁለቱም ዘንድ የጠፋው ሰው ነው። የጽሑፋችን ጉድለት አንድ ነው ያልነው ይህን ነው።

በዚህ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው፣ ጋዜጠኛው ድኻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ሚዛን የሚሄድበት አበል የለውም፤ ውጤቱን በስልክ ጠይቆ ከመጻፍ በቀር ምን ያድርግ የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሸክሙንም በጋዜጠኛው ብቻ ላይ አንጭንም። ነገር ግን በዚያው በስልክ ውጤቱን የሚጠይቅ ሰው «ሜዳው እንዴት ነበር? ሕዝቡስ?» ብሎ ሁለት ጥያቄ ቢጨምር አበል አይጠየቅበትም። ደግሞም በሚዛን ተፈሪ መምህራን አሉ፤ ጸሐፊዎች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲም አለ። የአካባቢው ሰው ስለ አካባቢው ሲጽፍ የመንገዱ ርቀት ይጠፋል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ያለ ነው። በአሁኑ ጊዜ የአካባቢና የብሔረሰብ ስም በሜዳ ላይ ሲነሣ ጠብ ያመጣል፤ ስለዚህ ውጤቱን ብቻ ጽፎ ማለፍ ይሻላል የሚሉ አሉ። በ2010 ዓ.ም. የደጋፊዎች ግጭት በየሜዳው በዝቶ፣ ዳኛ በሜዳ ላይ ተደብድቦ፣ የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር ለጊዜው እስከ መቋረጥ መድረሱን አንረሳም። ቴፒም በአስተዳደር ጥያቄ በተነሣ ሁከት የተጎዳች ከተማ ናት። ሥጋቱን እንግዲህ በከንቱ አናየውም።

ሆኖም መድኃኒቱ ዝምታ ነው በሚለው አንስማማም። በውጤት ብቻ የሚጻፍ ጽሑፍ ከጨዋታው ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ያስቀራል፤ የቡድን ስምና ቁጥር። የቡድኑ ስም የአካባቢ ስም ከሆነ፣ «እገሌ ቡድን እገሌን 3 ለ 0 ረታ» የሚለው ዓረፍተ ነገር «እገሌ ሕዝብ እገሌን ሕዝብ ረታ» ተብሎ ሊነበብ የቀረበ ነው። በመካከል ሰው የለበትምና። ጽሑፉ ግን የተሸናፊው በረኛ በቀን የጣውላ ሠራተኛ መሆኑን፣ ጎሉን ያስቆጠረው ልጅ ከሰፋሪ ቤተሰብ ተወልዶ በሸኮ ጎረቤቶቹ መካከል ያደገ መሆኑን ቢነግር ኖሮ፣ ያን ስም ሰንደቅ አድርጎ ለጠብ ማንሣት ይከብዳል። ሰው የሚያውቀውን ሰው አይወግርም። ስለዚህ ዝርዝር መጻፍ እሳት መጫር አይደለም፤ እንዲያውም ማብረጃ ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት፣ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቷል። የክልሉ መንግሥት መቀመጫዎች በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ተከፋፍለው እንዲሆኑ ተደርጓል። አራት ከተማ በአንድ ክልል ዋና ከተማነት ሲካፈሉ፣ እርስ በርስ መተዋወቃቸው በመንግሥት ደብዳቤ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የተርጫ ተማሪ ስለ ቴፒ የሚያውቀው፣ የቴፒ ነጋዴ ስለ ቦንጋ የሚያውቀው በምን ነው? በገበያና በጋብቻ ካልሆነ በጨዋታ ነው። ጨዋታውም በሜዳ ለተገኘው ብቻ ሳይሆን ላልተገኘውም እንዲደርስ የሚያደርገው ጽሑፍ ነው። በደቦ ያረሰ ሰው፣ በካፋ አነጋገር በዳዶ የተረዳዳ ሰው፣ ከማን ጋር እንደ ሠራ ያውቃል። በኳስ የተገናኘውም ከማን ጋር እንደ ተጫወተ ሊያውቅ ይገባዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከፍ ያለ ድርሰት አይደለም። መምህራን የትምህርት ቤታቸውን ውድድር ሲመዘግቡ የተጫዋቾቹን ስም ባለቤቱ እንደሚጠራው አድርገው ይጻፉ፤ ከስሙም አጠገብ ወራቱንና የሜዳውን ሁኔታ ያኑሩ። ተማሪዎች ለአማርኛ ድርሰት ርእስ ሲፈልጉ ከሩቅ አገር ቡድን ይልቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደጃቸው ያዩትን ግጥሚያ ይሞክሩ። የዩኒቨርሲቲው ሊቃውንት የሳጊኔን ሕግ ዛሬም ዳኛ ሆነው ከሚያገለግሉት ሽማግሌዎች አፍ ተቀብለው በአማርኛና በሱሪኛ ያቆዩት፤ በባዕድ ቋንቋ ብቻ የተጻፈው ለወረዳው ሹም አይደርሰውምና። የስፖርት አዘጋጆችም ከሚዛን ወይም ከቴፒ ውጤት ሲደርሳቸው፣ ከማተማቸው በፊት የቡድኖቹን ስም ሸፍነው አንድ ጊዜ ያንብቡት። ጨዋታው የት እንደ ተደረገ ከጽሑፉ ካልታወቃቸው፣ ወደ ላኪው ደውለው ሜዳው እንዴት እንደ ነበረና ማን እንደ ተጫወተ ይጠይቁ።